የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አዋቂ

አካም ጅርታ፣ ዱርሲቱ? ከሰበታ ቡራዩ ታክሲው እንዴት አደረገሽ? ዝናቡስ እናንተ ዘንድ ጀመረ? ተመስገን። እኛማ የቤተ ክርስቲያናችንን ሠላሳኛ ዓመት አክብረን ይኸው እስከ ዛሬ እየሳቅን ነው። አንቺ ብቻ ቀረሽብን።

የታሪክ መጽሔት ታተመልን እኮ። ጸሐፊውን ታውቂዋለሽ... ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ ትሑት ሰው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶው ይበቃዋል። እኛ ጥቂት ባፕቲስቶች በኦቦ ሊቤ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ገና ባልተሸጡ አልጋዎች ጠርዝ ላይ ተደርድረን ስንዘምር እሱ አዲስ አበባ ነበር። የመጣው አዳራሹ ተሠርቶ ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ነው። ግን ጸጋውን ተመልከቺ... የነበርነው የረሳነውን፣ ያልነበረው ያስታውሳል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ላሟን ሳያይ ወተቷን ያለበ ግን እሱን አየሁ።

ኦቦ ሊቤን ረሳቸው እንዳትዪ ብቻ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ «አንድ አናጺ» ብሏቸዋል። የመጀመሪያውን የጥምቀት ገንዳ የሠሩትም፣ ያጠመቁትም እሳቸው... «አንድ» መባል ቀላል ነው እንዴ?

በበዓሉ ቀን ታሪኩን ራሱ አነበበልን። በዚያ በረዶ ውኃ ውስጥ ቆሞ እንዴት እንዳጠመቀ ከሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠ። እኔም አለቀስኩ፤ ማን ያስችለዋል? ይኼኔ ኦቦ ሊቤ ከኋላ ወንበር ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ውኃው በጣም ቀዝቅዞህ ነበር?» አሉት።

«አጥንቴ ድረስ እንጂ፣ ኦቦ።»

«አይ... እኛስ ሴቶቹ በበርሜል አፍልተውልን ነበር የገባነው።»

ሳቁ ከመድረክ እስከ በር ደረሰ። እሱም አብሮን ሳቀ፣ ጨዋታ ያውቃል። ላቡ ብቻ አስቸገረው... አዳራሹ ሞቆ ይሆናላ።

ሽማግሌዎቹ መጽሔቱ ታርሞ ይውጣ ብለው፣ ኦቦ ሊቤ እየተናገሩ ከወጣቶቻችን ሐኒ እየጻፈች ነው። አንዳንዱ የእሱ ስም ይሰረዝ ሲል እሳቸው እምቢ አሉ። ጣሪያው ሲለብስ መጥቶ ወንበር ደርድሯል፣ የሠራው ይጻፍለት አሉ። አየሽ ክብር?

እኔ ቅር አይለኝም፤ ዘወትር እጸልይለታለሁ። ጌታ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ስሙንም በሕይወት መጽሐፍ ያስፍርለት... እዚያ ጸሐፊው እሱ አይደለምና፣ አንቺም በጸሎት አግዢኝ።