ቦታ እንዳይይዝ

ውይ መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ። ያቺ ወንበር ላይ ግን አትቀመጪ፣ አንድ እግሯ አኩርፏል። ይኸኛው ይሻልሻል። ጫማሽ አዲስ ነው መሰለኝ… ያምራል! ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከአቧራና ከአይጥ ጋር እየዋልሽ እንዲህ መዘነጥሽ ደስ ይላል። ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው፤ ለነገው የሲስተም ምረቃ ጠረጴዛ ስጎትት ዋልኩ እንጂ።

ድምፄን ልቀንስ እንዴ? አይ፣ ከመደርደሪያው ወዲያ ያለው ልጃችን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጓል፣ ሙዚቃ ላይ ነው። ገመዱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል እንጂ የትም አልተሰካም… ግን እኛ ምን እናውቃለን? የዘመኑ ሙዚቃ ሳይሰካም ይሰማ ይሆናል። ደግሞስ የማወራው ስለ እሱ ነው እንዴ? ስለ አንድ ሰው ነው።

ያን ጊዜ "ይጣሉ" ሲባል አንቺ "እጄ አይፈርምም" ብለሽ ያስቀረሻቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ትዝ ይሉሻል? ትልቁ ሲስተም ሲጫንባቸው ቃትተው ቃትተው የሚቀሩት። ነፍስ የዘሩባቸው ጋሼ ናቸው፣ እኛን ሁላችንን ሥራ ያስለመዱን። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እንደ ሽንኩርት ይልጡት ጀመር። ይቺ ምን ትሠራለች? ትውጣ። ያቺስ? እስቲ እሷም ትውጣ። ስንቴ አልነሣ ብሏቸው ስንቴ ከዜሮ ጀመሩ! እኔም ከጎናቸው ሆኜ ስነጫነጭ፣ በመጨረሻ አርባ ሜጋባይት ብቻ ቀረች። የሠርግ ቪዲዮሽን አርባ ሜጋባይት ላይ ክተቺ ብትባዪ ሙሽራው አይገባልሽም። ዛሬ ሬሳው ሁሉ ተነሥቶ ለትምህርት ቤት የሚታደለው በሷ ነው።

ከውስጧ ደግሞ ፈቃድ የሚባል ጽሑፍ አስቀመጡ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ለወደዳችሁት ስጡ፤ ብቻ የሠሩትን ሰዎች ስም አታጥፉ፣ ስትሰጡም ኮዱን ክፍት አድርጋችሁ ስጡ። አለቀ። ደጅ መጥናት የለ፣ ልመና የለ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? እኔ የምነግርሽ ሰው ግን ጨዋ ነው። ሞፈር ቆርጦ ብቻ አይሄድም… ደጃፉንም ነቅሎ ወሰደው።

ኧረ ጎበዝ ነው! ሐቁንማ እንናገር። ጥንቃቄው ራሱ! ሲስተሟ እንዳትከብድ፣ ቦታ እንዳይይዙባት ብሎ ፈቃዱንና የስሞቹን ፋይል አወጣቸው። ሃያ ኪሎባይት አተረፈ። በአንቺ ሚዛን ከአንድ ጆንያ ስኳር ላይ ቁንጢት ማለት ነው። ከዚያ ስትከፈት የምትታይ የራሱን ፎቶ አስገባባት፣ በከረቫት፣ ሦስት ሜጋባይት። ፊት ይከብዳል እንዴ? አይከብድም። የሚከብደው የሰው ስም ነው። ኮዱንም በይለፍ ቃል ቆለፈው… ምን ያድርግ፣ ሌባ በዝቷል!

የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች እሱን ሳያዩ ሞቱ። እንዴት እንዳማረበት! የነገው መጥሪያ ላይ "የፈጠራው ባለቤት" ተብሎ ታትሟል፤ አለቃችንም ሰው ሁሉ ፊት ሹመት ሊሰጡት ነው። የኔ ስም ይቅር፣ እኔ ስሜን የትም እጽፋለሁ።

ጋሼ ግን ጠዋት ደወሉልኝ። ተጠርተዋል፣ ፊት ወንበር ተይዞላቸዋል። "ሰማያዊው ኮት ይሻላል ግራጫው?" አሉኝ። "ባለቤቴ ስሜ ትልቅ ስክሪን ላይ ወጥቶ አይታ አታውቅም፣ ይዣት እመጣለሁ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ግራጫው አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ያንን ሰው እኮ የብሎን መፍቻ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ብሎኑን ሁሉ እየፋቀ ሲያበላሽባቸው "ግድ የለም፣ እጁ ይፍታታል" ይሉ ነበር። ተፍታታ! ምን ያላነሣው ነገር አለ?

አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። ያ ሰው ሥራ ስለሚበዛበት ኮምፒውተር በወጉ አያጠፋም፤ ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ ጭጭ ያሰኘዋል። በወጉ ቢያጠፏት ያቺ ሲስተም ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ጥቁር ስክሪን ላይ፣ በነጭ ፊደል፣ "የሠሩኝ" ብላ ስም ትጽፋለች፣ የጋሼን መጀመሪያ። ዐሥር ሰኮንድ ሙሉ። ከዚያ ትጠፋለች። ይኼኛው ከፋይሉ ውጪ ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው። የት? እሱንማ ኮዱን ያነበበ ያውቀዋል… ሳያነብ የቆለፈ ምን ይሁን?

አለቃችንን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፣ የመጸዳጃውን መብራት እንኳ ራሳቸው ካላጠፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ነገም እሳቸው ናቸው የሚያጠፏት፣ በገዛ እጃቸው፣ በትልቁ ስክሪን፣ ጋሼና ባለቤታቸው ፊት።

ማነው የሳለው? እግዜር ይማርህ የኔ ወንድም!… ውይ፣ አይሰማም ለካ።

እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም። ያ ሃያ ኪሎባይት በዚህ ፍላሽ ላይ አለ፤ ይኸው በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ ቦታው ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ መጥሪያውን ለማረም ደግሞ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። እስከ ነገ ስንት ሰዓት አለ? የሚፈልግ ሰው ካለ ያንሣው። ማንሣትማ ማን ይከለክላል።

በይ ተነሺ እንሂድ፣ ጉልበትሽን ቀስ። ያንን ሰው ሳልመርቀው ግን አልወጣም፤ ሚስቱ በሚመጣው ወር ትወልዳለች አሉ። አሜን እያልሽ ስሚኝ። ጅማሬውን ያሳመረለት አምላክ ፍጻሜውንም ያሳምርለት። ልጁን በሰላም ይቀፍ፣ አሳድጎ ይየው፣ እንደ አባቱ እጁ የተፍታታ ይሁንለት። ልጁም ትምህርት ቤት ገብቶ ስሙን በሚጽፍበት ቀን፣ የአባቱ ስም ቦታ እንዳይይዝበት… አንድዬ ሰፊ ወረቀት ይስጠው።