በሎሚና በአመድ የታሸው የጃፓን ሳንቲም

በእኛ ጊዜማ፣ የኔ ልጅ፣ ካዛንቺስ ሆቴል ቤት መሥራት ማለት ቢሮ ከመሥራት አይተናነስም ነበር። ትጽፊያለሽ አይደል? እሺ፣ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

እኔ ክፍል አጽጂ ነበርኩ። እና አንድ የጃፓን መሐንዲስ ነበረ፣ ሽማግሌ፣ ድልድይ ሊሠራ የመጣ። አማርኛ ይሞክራል። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ «ተሰማ ሳን፣ ደህና አደርክ?» ይለኛል፤ «ሳን» በአገሩ የአክብሮት መጥሪያ ነው። አስቢው እንግዲህ፣ ለክፍል አጽጂ ጎንበስ! ታዲያ ወደድኩት፣ በጣም ወደድኩት።

ይሄ ሰውዬ ታዲያ የአገሩን የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ሦስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይዞራል። ክብ ናቸው፣ መሐላቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። «ቀዳዳው ለምንድን ነው?» ስለው፣ «ድሮ ሰው ገመድ ላይ ሰክቶ ይይዛል» አለኝ። የንጉሥ ፊት የለበትም፤ በፊቱ አራት የጃፓን ፊደል፣ በጀርባው የባሕር ማዕበል። ማዕበል! ሳንቲም ላይ! ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል አለኝ። ግን ጥቁር ነው፣ በቃ ከሰል የመሰለ።

እና አንድ ቀን ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሥራ ወጣ። እኔ ምን አሰብኩ? ይሄ ደግ ሰው የሚያጸዳለት አጥቶ ነው አልኩ። ታዲያ ከወጥ ቤት ሎሚና አመድ አመጣሁና አሸሁት፣ አሸሁት፣ አሸሁት። ወርቅ ሆነ! ደርድሬ አስቀመጥኩና መምጫው ናፈቀኝ፣ ሊያመሰግነኝ ነዋ።

ገባ። አየ። አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ተሰማ ሳን፣» አለኝ፣ «ይሄ ቀለም... የብዙ ሰው እጅ ነው። ሁለት መቶ ዓመት። አንተ አንድ ጠዋት...» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ኃላፊያችን በበሩ ሲያልፍ አየን። «ምን ሆኑ ጌታዬ? ይሄ ነው ያጠፋው? ዛሬውኑ አባርረዋለሁ!» የሁለት ልጆች አባት ነኝ እኮ! ጃፓኑ ግን ተነሳና «አላጠፋም። አጽዳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ዋሸ! ለኔ ብሎ ዋሸ! እንዲህ ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ኃላፊው ሲሄድ ከሦስቱ አንዱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ቀለም አንተ ወሰድክ፣ አንተ መልስ። አይጠረግም። አንተ ያዝ፣ ልጆችህ ይያዙ» አለኝ። እና ከዚያ ወዲህ ጃፓናዊ እንግዳ በመጣ ቁጥር የድሮ ሳንቲም እጠይቃለሁ፤ አሥራ አንድ ደርሰውልኛል፣ አንዱንም አጥቤ አላውቅም። ይሄ የመጀመሪያው ነው። እይው፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ብሏል አይደል? መሐሉ ገና ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቀለሙን እየመለስኩለት ነው። በይ ጭንሽ ላይ ላለችው ልጅሽ ልስጣት፣ እሷም ትያዘው።

እዚህ ላይ ጋሽ ተሰማ ሳንቲሙን ለልጄ አስጨበጧት።

«ኧረ ጋሼ፣ ትውጠዋለች!» አልኩ። ሳልጨርስ አፏ ከተተችው። አወጣሁትና ለሃጯን ከሳንቲሙ ላይ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግ ስል ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተይ! ተይ አንቺ ልጅ፣ እንዳትጠርጊው! የሷም ለሃጭ ያጠቁረዋል!»

እና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።