የአባባ ጃንጥላ

አባባን ከሱሉልታ አንስቼ ኮስታሪካ ድረስ ይዣቸው የሄድኩት፣ እዚያ የምትኖረው እህቴ ላገባው ነው ያለችውን ማርኮን አይተው እንዲመርቁላት ነበር። ማርኮ ጠዋት ባሕር፣ ከሰዓት ደመና የለበሰ ተራራ ያሳየናል፤ አገሯ ትንሽ ናት፣ የሌላት ግን የለም። አባባ «እንግዲህ እናያለን» ከማለት በቀር ምንም አልወጣቸውም።

አንድ ቀን ጫካ ውስጥ በእግር ስንሄድ ከፊታችን አንድ ነገር አጓራ። አባባ ዱላቸውን አውሮፕላን ላይ ከልክለዋቸው ስለነበር ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው «አንበሳ ነው፣ ከኋላዬ ሁኑ» አሉ። ማርኮም እንጨት አንስቶ ከጎናቸው ቆመ። ዛፍ ላይ ብቅ ብላ ዳግም ያጓራችው ግን ውሻ የምታህል ጦጣ ነች። እኔና እህቴ በሳቅ ፈረስን። አባባ አልሳቁም።

«ጦጣ መሆኗን ታውቅ ነበር?» አሉት፤ ተረጎምኩለት።

«አዎ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ እንጨቱ ለምንድን ነው?»

«እርስዎ አንበሳ መስሎዎት ነበር። ብቻዎን ይቁሙ እንዴ?»

አባባ ጃንጥላውን ሰጡት። «በል ኢልማ ኮ፣ ምራን።»

እስከዚያ ቀን ድረስ «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ የሚሉት እኔን ብቻ ነበር።