የአትክልተኛው ጉንጭ

ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ መስተዋቱ ፊት የተቀመጡት የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ መሆናቸውን አየሁ። መድኃኒት ቤቴ ድፍን ወር ዝር አላሉም። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልችልበትም።

«ጋሼ፣ ምነው ጠፉ? ኪኒኑስ?»

«ተውኩት። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፣ ሳኝክ መንጋጋዬን የሚይዘኝም ጠፋ። ከእንግዲህ ምን በወጣኝ ልዋጠው? ፊቴን ድቡልቡል አድርጎት ነበር። አሁን ጎደለልኝ፣ ተመስገን።»

«ያለ ሐኪም ድንገት ማቆም እኮ አደጋ አለው፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል! ሐኪሙ ያዘዘልዎት የደረት ምርመራስ?»

«ያመመኝ ራሴን፣ የሚያነሱት ደረቴን! ወይ ጉድ!»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ፤ ግን ሌላ ነገር የሸሸጉኝ መሰለኝና «ሌላ ምክንያት አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ ከውጭ አገር ልትመጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ። ናፍቆቷ አንጀቴን በላው። በር ላይ ቆማ ‹ይኼ ጉንጫም ሽማግሌ ማነው?› እንዳትለኝ ፈራሁ። የምታውቀውን ፊት ይዤ ልጠብቃት ብዬ ነው።»

ቁጣዬም በረደ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ በሽታውን ምን አለዎት?»

«የደም ሥር መቆጣት።»

«የምን መቆጣት?»

«የደም ሥር አልኩህ! ሥ...ር» አሉና ቆም አሉ። «ሥር ነው ለካ! እኔ ራሴ ቅጠል ለመለመ ብዬ ሥሩን ሳላይ አላልፍም።»

«ይኸውልዎት። የግንባርዎ ደም ሥር ጫፉ ነው፤ ትልቁ የሚነሣው ከልብ ነው። መቆጣቱ እዚያ ከዘለቀ ግድግዳውን እያሳሳ ያሰፋዋል፤ ምንም ሳያም ቆይቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሊቀደድ ይችላል። ለዚህ ነው ራስዎ ቢሻልም ደረትዎ የሚታየው።»

«ፊቴስ?»

«ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን ሲቀንስ ጉንጩም ይቀንሳል። ለመሆኑ የናፈቀችው ጉንጭ ነው አባት?»

ፀጉራቸው እንዳለቀ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄዱ። ትልቁ ደም ሥር መስፋት ጀምሮ ነበር። ኪኒኑ ተመለሰ፣ የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ደረታቸውም በየጊዜው ይታያል። በጊዜ የታወቀ አደጋ መላ አለው፤ ዓይናቸውም ከመታወር ተረፈ። ሕመም ሲለቅ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ መልቀቅ ጤና አይደለም።

ከወር በኋላ ጉንጫቸው ሞልቶ መድኃኒት ቤቴ መጡ።

«በሩን ስከፍትላት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች» አሉኝ። «‹አባዬ፣ እኔ እኮ ከስተህ፣ ጠውልገህ አገኝሃለሁ ብዬ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ አልነበረኝም› አለችኝ።»