እምቢ ያለችው

ከቡራዩ በተሳፈርኩበት ታክሲ አንዲት ልጅ ያረጀ ልቦለድ አንገቷን ደፍታ ታነባለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አላስቻላቸውም።

«ምን ይላል?»

«አንዲት ሴት ናት፣ እትዬ። ላግባሽ ያላትን ሰው እምቢ አለችው።»

«ሳትወደው ቀርታ ነው?»

«በጣም ትወደዋለች! ግን መጀመሪያ በራሷ መቆም ፈለገች። ሥራ ያዘች፣ ቤት ተከራየች፣ ከዚያ ራሷ ሄዳ እንጋባ አለችው።»

«ያለ ሽማግሌ?»

«ያለ ሽማግሌ!»

«ወይ ድፍረት!»

«ሴት ማለት እንደሷ ነው። እሁድ ሳይደርስ ልጨርሰው ብዬ ነው የምጣደፈው።»

«እሁድ ምን አለ?»

«እኛ ቤት ሽማግሌ ይመጣል።»

«እሰይ! ትወጂዋለሽ?»

«አባቴ ያውቀዋል።»

ኬላ ላይ ወራጅ ማለት የነበረብኝ እኔ፣ እነሱን ስሰማ አልፌው አስኮ ደርሼ ወረድኩ።