ሁለት ዓይን የተሰጠው ሰይጣን

ከአራዳ በተሳፈርሁበት ታክሲ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊና ወጣት ተማሪያቸው ተቀምጠዋል። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቆጡታል።

«ምነው ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ለሰይጣኑ ሁለት ዓይን ሰጠኸው?»

«ፊቱን ወደ ሰው ሳዞረው ነው የኔታ።»

«ማን አዙር አለህ? ሰይጣን በጎን ነው የሚሣል፣ በአንድ ዓይን። ሁለት ዓይን የጻድቅ ነው። ይህን ሳታውቅ ነው ሦስት ዓመት ቀለም የበጠበጥህልኝ?»

«አውቃለሁ። ስልኬ ላይ ያሳየሁዎት ጃፓናዊ ሠዓሊ እንዲያ ስለሚሥል ነው።»

«ያ የጭራቁ?»

«አዎ። በወጣትነቱ የሚያስፈራ ታሪክ ብቻ እየሣለ በመጽሐፍ ያወጣ ነበር። ኋላ እነዚያኑ ጭራቆች የሚያስቁ አደረጋቸው። ሸምግሎም ሁለቱንም ይሥላል፤ ሰው እየፈራ ይስቃል።»

«ሸጋ ሙያ ነው፣ ለጃፓን። እኛ ዘንድ ማን ሳቀልህ?»

ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተናገር እንጂ። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ዛሬ ሊያዩት ነው። ካባረሩህ ሌላ ደብር አይቀበልህም።»

«የሳቀ የለም።»

«የፈራስ?»

«የፈራም የለም የኔታ። ትናንት አንዲት አሮጊት ሁለቱን ዓይን አይተው ጻድቅ መሰላቸው። ሰግደው ተሳለሙት።»

«ቀንዱንስ አላዩም?»

«ዓይናቸው ደከም ያለ ይመስለኛል።»

«ማን ናቸው?»

«አላወቅኋቸውም፤ ተከናንበው ነበር።»

«በል ሰዎቹ ሳይመጡ እንድረስ። ፊቱን ወደ ጎን እኔው አዞረዋለሁ።»

እኔም ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ፣ በጫፉ ከንፈሬን ጠረግሁ።