«ብርድ ነው» የተባለው ሳል

አቶ ኃይለማርያም ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ አርባ ዓመት ወርቅ ሲያቀልጡ የኖሩ አንጥረኛ ናቸው። እጃቸው የተመሰገነ፣ ቃላቸው የታመነ፣ አንዴ የያዙትን ሐሳብ ግን በቀላሉ የማይለቁ ሰው ነበሩ። አንድ የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሥራቸው የሚሆን ዕቃ ገዝተው ከመርካቶ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። እንደተቀመጡም መስኮቱን ግጥም አድርገው ዘጉና ማሳል ጀመሩ። ከኋላቸው አንዲት ወጣት እጇን ዘርግታ ከፈተችው።

«ልጄ፣ ዝጊው። ብርዱ ሊገድለኝ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። የሚያሰጋን ከውጭ የሚገባው ነፋስ ሳይሆን እዚህ ታፍኖ የሚቀረው ትንፋሽ ነው።»

ሊገሥጿት ዞር ሲሉ አወቋት። ዐፊፋ ነበረች፤ በዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግድግዳ የሚጋሯቸው፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚነግዱት የአቶ ፋሩቅ ልጅ። ነርስነት ተምራ ጤና ጣቢያ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ተግሣጹ ሰላምታ ሆነና ፒያሳ ሲወርዱ ሻይ ጋበዟት። ካፌው ድረስ ያለችውን አጭር ዳገት ለመውጣት ግን ሁለት ጊዜ ቆሙ። ዐፊፋም አብራቸው ቆመች።

ሻዩ ሲመጣ «ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለቻቸው።

«ከሰኔ ወዲህ ነው። ብርድ ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር እየወሰድኩ ነው።»

«ማሩ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ አልነቅፈውም። ማታ ማታስ ያልብዎታል?»

«ያልበኛል።»

«ቀበቶዎ ላይ ያንን አዲስ ቀዳዳ መቼ በሱት?»

አቶ ኃይለማርያም እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። ቀዳዳው ሁለት ነበር።

«በይ እስቲ» አሉ ጥያቄውን ለመሸሽ፣ «እናንተ የተማራችሁት ሰዎች ይህ ሳንባ የምትሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ አስረጂኝ።»

«እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በወናፍ ሠርተው የለ? ደረትም እንደ ወናፍ ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋና አየር ይገባል፤ ሲመለስ አየሩ ይወጣል። የሚገባው አየር አፍንጫ ውስጥ ይሞቃል፣ ይጣራል፤ በአየር ቧንቧ ወርዶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ጥቃቅን ከረጢቶች ዘንድ ይደርሳል። ደማችን ኦክስጅን የሚወስደው ከዚያ ነው። አስም ያለበት ሰው ቅርንጫፎቹ ይጠቡበታል። ሳንባ ምች ሲይዝ ከረጢቶቹ ፈሳሽ ይሞላሉ። የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ...»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ ግራ ቀኙን እያዩ።

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን ተናገሩ።

«አባቴ በእሱ ነው የሞተ። የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሬው እንደተሰማ የሚጠጣበትን ጣሳ ጣሉበት፤ ጎረቤቱ በደጃችን ማለፍ ተወ። የቀበርነው አራት ሆነን ነው። እኔ ያንን ስም ዳግመኛ ቤቴ አላስገባም።»

የሰው ልጅ ነገር እንዲህ ነው። የበሽታውን ስም ከደጁ ሲያባርር፣ በሽታውን አቅፎ ይተኛል።

«አባትዎ ተበድለዋል» አለች ዐፊፋ በለሰለሰ ድምፅ። «በጣሳ እኮ አይተላለፍም። ታማሚው ሲያስል በታፈነ ቤት በሚቀረው አየር ነው የሚተላለፈው። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ያውም በነጻ። ስድስት ወር ሳያቋርጥ የዋጠ አብዛኛው ሰው ይድናል።»

«ጸበል ጀምሬያለሁ።»

«ጸበልዎን ይጠጡ፤ ክኒኑንም ይዋጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ግን እንዲያው ልጠይቅዎት፣ ምኞት የት ነው የምትተኛው?»

ምኞት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት።

«ከእኔ ጋር።»

«መስኮቱስ?»

መስኮቱ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በጨርቅ ተወትፏል። ብድግ አሉና ኮታቸውን አስተካከሉ። «ጤና ጣቢያችሁ ጠዋት ስንት ሰዓት ይከፍታል?»

በማግስቱ አክታቸው ተመረመረ፤ የፈሩት ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ በሙሉ ሲመረመር ግን ሌላ የታመመ አልነበረም። ለምኞት መከላከያ መድኃኒት ታዘዘላት። አቶ ኃይለማርያም ያን ቀን በአንጥረኛ እጃቸው የመስኮቱን ጨርቅ ነቅለው ጣሉ።

በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፋ፣ ቀበቶውም ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ተመለሰ። ያኔ «ድኛለሁ፣ ክኒኑ ይብቃኝ» ቢሉ ዐፊፋ ቤታቸው ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ላዩ የቀለጠ ወርቅ ውስጡ ሳይቀልጥ ወደ ቅርጹ ያፈሱታል?»

«ይበላሻል እንጂ።»

«እንግዲያው ይጨርሱ። ካቋረጡት በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል።»

ጨረሱ። የካቲት ላይ የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ መሆኑን ሲሰሙ የላቦራቶሪውን በር ይዘው ቆሙና እንደ ልጅ አለቀሱ።

በዚያው ወር የእድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ። «ወገኖቼ፣ ስድስት ወር ክኒን የዋጥኩለት ሕመም የሳንባ ነቀርሳ ነበር። አባቴን የገደለው እሱ ነው፤ እኔ ግን በመድኃኒት ድኜ ይኸው ቆሜአለሁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ብርድ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ተመርመሩ። ቤታችሁን አናፍሱ። ስታስሉ አፋችሁን ሸፍኑ። የታመመ ብታዩ ከደጁ አትሽሹ፤ ክኒኑን እንዳያቋርጥ አበርቱት። እኔ የዳንኩት ጎረቤቴ ስላልሸሸችኝ ነው።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ወንበር የእድሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔም ሳሉ ከያዘኝ ወር አልፎኛል» አሉ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ጫማ ሰፊ ተነሣ፤ ከዚያም እናትና ልጅ።

በማግስቱ ማለዳ አቶ ኃይለማርያም አራቱን ሰዎች አስከትለው ወደ ጤና ጣቢያው አቀኑ። በመንገድ ላይ ወይዘሮ ተናኘወርቅ እየፈሩ «መድኃኒቱ ይመራል?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ይመራል» አሉ፣ «ግን ያድናል»፤ ክንዳቸውንም ደግፈው ይዘዋቸው ገቡ።